ሸሚዝ መልበስን የሚያስተምር ሕክምና

ሕክምና ሲባል ብዙዎቻችን የምናስበው መርፌውንና ኪኒኑን ነው። እኔ ግን ለመጽሔታችን አንባቢዎች ለመግለጽ የምወደው ሸሚዝ መልበስን፥ ሽንኩርት መክተፍንና መስመር ማስመርን ስለሚያስተምር ሕክምና ነው። ስሙ ኦኩፔሽናል ቴራፒ ይባላል፤ «የዕለት ተግባር ሕክምና» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም።

ይህን ለመጻፍ ያነሣሣኝ የራሴ ነገር ነው። የክፍል ጓደኞቼ እንደምታውቁት ግራ እጄና ግራ እግሬ ከልደቴ ጀምሮ ደካሞች ናቸው። ምክንያቱም በምወለድበት ጊዜ በአንጎሌ ላይ የደረሰ ጉዳት ነው፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። እስከ 12 ዓመቴ ድረስ የምታለብሰኝ እናቴ ነበረች። ልሞክር ስላት «አንተ እስክትለብስ ደወሉ ይደወላል!» እያለች ቁልፎቼን ትቆልፍልኝ ነበር።

ሙያው በማኅበር የተቋቋመው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1917 ዓ.ም. በአሜሪካ፥ በኒው ዮርክ ግዛት፥ ክሊፍተን ስፕሪንግስ በተባለች ከተማ ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ጆርጅ ኤድዋርድ ባርተን የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ነበረ። ግራ ጎኑ ሽባ ሆኖ ሳለ በአትክልትና በአናጢነት ሥራ ራሱን ስለረዳ፥ ሥራ ራሱ መድኃኒት መሆኑን ለሌሎች ለማሳየት ተነሣ። በአገራችንም የጎንደር ዩኒቨርሲቲ ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር ይህን ሙያ ማስተማር ጀምሯል።

አሁን ወደ አሠራሩ ልመለስ። ባለሙያዋ መጀመሪያ የጠየቀችኝ «እጅህን ምን ነካው?» ብላ ሳይሆን «ከጧት እስከ ማታ ከምትሠራው ሁሉ ራስህ ልትሠራው የምትመኘው የትኛውን ነው?» ብላ ነው። እኔም «መልበስንና ጂኦሜትሪን» አልኋት።

ከዚያም ሥራውን በየደረጃው ከፋፈለችው። ሸሚዝ ሲለበስ ደካማው እጅ አስቀድሞ ይገባል፤ ሲወልቅ ግን ደኅናው እጅ አስቀድሞ ይወጣል። ካልሲን የተማርሁት ደግሞ ከመጨረሻው ጀምሬ ነው። እናቴ እስከ ተረከዜ ታደርስልኝና የመጨረሻዋን መሳብ ለእኔ ትተውልኝ ነበር። ያ ሲቀለኝ ከእግሬ መካከል፥ በኋላም ከጣቶቼ ጫፍ ጀመርሁ። እንዲህ ሲሆን ተማሪው በየቀኑ ሥራውን ፈጽሞ ይነሣል እንጂ ጀምሮ አይተውም።

ሁለተኛው መንገድ ዕቃውን ማስተካከል ነው። ማስመሪያዬ በደብተሬ ላይ እንዳይንሸራተት ከሥሩ ላስቲክ ተለጥፎበታል። መክተፊያችን ከበታቹ ሁለት ምስማር ተመትቶበት ጫፋቸው ወደ ላይ ስለ ወጣ፥ ሽንኩርቱን እነርሱ ይይዙልኛል፤ እኔ በቀኜ እከትፋለሁ። ጣቶቹ አልጨበጥ ላሉት ሰው የማንኪያው ወይም የእርሳሱ መያዣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ይወፍርለታል።

ሦስተኛው ቦታውን ማስተካከል ነው። በተሽከርካሪ ወንበር ለሚሄድ ተማሪ 20 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ያላት አንዲት ደረጃ እንደ ግንብ ናት። ለእያንዳንዱ ሜትር ከፍታ 12 ሜትር ርዝመት ያለው ዘቅዛቃ መንገድ ይመከራልና፥ ለዚያች ደረጃ የሚያስፈልገው 2 ሜትር ከ40 ብቻ ነው።

ከሁሉ የከበደው ትምህርት ግን የእኔ ሳይሆን የእናቴ ነበር። ባለሙያዋ «እናት፥ እጅዎን ወደ ኋላ አድርገው ይጠብቁት» አለቻት። እኔ ከአንዲት ቁልፍ ጋር ስታገል እናቴ እጆቿን ከኋላዋ አጣምራ ከንፈሯን ነክሳ ቆመች። ቁልፏ በገባች ጊዜ ሁለታችንም አልቦን ነበር።

ሕክምናው እጄን አላዳነውም። ዛሬም ሸሚዝ ለመቆለፍ ከእናንተ ይልቅ ረዥም ጊዜ ይፈጅብኛል፤ ስለዚህ ቀደም ብዬ እነሣለሁ። ነገር ግን የለበስሁት እኔ ነኝ።

ወላጆች ሆይ፥ ለልጃችሁ ስለምታዝኑ ሁሉን ብትሠሩለት፥ እናንተ በሌላችሁበት ቀን ምን ይሆናል? እናንተም ጓደኞቼ፥ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ከመውሰዳችሁ በፊት «ላግዝህ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁኝ። አዎን ያልሁ እንደ ሆነ አግዙኝ። አይደለም ያልሁ እንደ ሆነ ግን ጥቂት ጠብቁኝ፤ ደወሉ ሳይደወል እደርሳለሁ።