ሁሉም ቦታ የሚያገኝበት ረድፍ፦ የጅዳና የመካ ሚዝማር

እ.ኤ.አ. በ2016 ከኖቬምበር ማብቂያ እስከ ዲሴምበር መባቻ፣ የማይዳሰሱ ቅርሶችን የሚመዘግበው የዩኔስኮ የበይነ መንግሥታት ኮሚቴ አሥራ አንደኛ ጉባኤውን ያካሄደው በአዲስ አበባ ነበር። ኢትዮጵያውያን ያንን ጉባኤ የሚያስታውሱት በአብዛኛው የገዳ ሥርዓት በመዝገቡ የሰፈረበት በመሆኑ ነው። በዚያው ጉባኤ ግን ከቀይ ባሕር ማዶ የመጣ ሌላ ስምም አብሮ ተመዝግቧል፤ ሚዝማር።

ቃሉ በዐረብኛ የትንፋሽ መሣሪያን ያመለክታል። የሒጃዙ ሚዝማር ነፍስ ግን ከበሮ፣ ጭብጨባና ዱላ ነው። በጅዳ፣ በመካና በአካባቢያቸው ባሉ ከተሞች በቤተሰብ ድግስና በብሔራዊ በዓል ሲደምቅ የኖረው ይህ ጨዋታ ዋና መለያው የባለሙያዎች ንብረት አለመሆኑ ነው። ነጋዴው፣ ዓሣ አጥማጁ፣ የቢሮ ሠራተኛውና ተማሪው በአንድ መደዳ ይቆሙበታል። ሌላው ዓለም ዛሬ «የአማተሮች ኦርኬስትራ» እያለ የሚያደራጀውን ነገር የሒጃዝ ሰፈሮች ማኅተምና መተዳደሪያ ደንብ ሳያስፈልጋቸው ለትውልዶች ኖረውበታል።

ሁለት ረድፍ፣ አንድ ምት

አጨዋወቱ እንዲህ ነው። ከ15 እስከ 100 የሚደርሱ ወንዶች ረዥም ነጭ ጀለቢያ ለብሰው በሁለት ረድፍ ፊት ለፊት ይቆማሉ። ድምፃቸውን ከፍ አድርገው እያዜሙ ያጨበጭባሉ። የግጥሙ ጉዳይ ብዙውን ጊዜ ጀግንነት፣ ፍቅርና ልግስና ነው። ሁለት ሰዎች ከረድፉ ወጥተው ወደ መሐል ይገቡና ዱላቸውን እያሽከረከሩ የከበሮውን ምት ይከተላሉ። ጥቂት ተጫውተው ለተከታዮቹ ሁለት ሰዎች ቦታ ይለቃሉ። ቀደም ባለው ጊዜ መሐሉ ላይ እሳት ይነድ ነበር። እሳቱ ለሌሊቱ ብርሃን ይሰጣል፤ የላላውንም የከበሮ ቆዳ ያከርራል። ይህን የወሎም ሆነ የሐረር ከበሮ መቺ ያለ አስተርጓሚ ይረዳዋል።

በዚህ ቀላል በሚመስል ሥርዓት ውስጥ ጥበብ አለ። ዱላ ማሽከርከር የማይችል ሰው ያጨበጭባል፤ ግጥም የማያውቅ የሌላውን ተቀብሎ ይመልሳል፤ ታዳጊው ከታላላቆቹ ጎን ቆሞ በዓይኑ ይማራል። ከባዱ ኃላፊነት በከበሮ መቺዎቹ ላይ ነው። እነርሱ ምቱን እስከ ያዙ ድረስ የአንዱ መሳሳት ጨዋታውን አያፈርሰውም። ወደ መሐል የገባውም ሰው ብቻውን አይጋለጥም፤ አብሮት አንድ ሰው አለ፣ ቆይታውም አጭር ነው። ዱላው ከእጁ ቢያመልጥ ሳቅ ይከተለዋል እንጂ ከረድፉ አይባረርም።

ሚዝማር ሁልጊዜ ሳቅ ብቻ ነበር ማለት ግን አይደለም። በድሮው የመካና የጅዳ ኑሮ እያንዳንዱ ሰፈር የራሱ ጎበዛዝትና የራሱ ክብር ነበረው። የግጥም መወራረፉ ሲካረር ለጨዋታ የተያዘው ዱላ ለጠብ የዋለበት ሌሊት እንደነበር የከተሞቹ ሽማግሌዎች ትዝታ ይናገራል። ስለዚህ ሚዝማር የወጣቶችን ጉልበት የሚፈትንና የሚገራ መድረክም ነበር። ዱላን ከፍ አድርጎ አንሥቶ ማንንም ሳይመታ መመለስ በራሱ ትምህርት ነው።

የሐበሾች የዒድ ቀን ጨዋታ

በምት የታጀበ የመሣሪያ ጨዋታ ለሐበሻ ሙስሊም አንባቢ እንግዳ ታሪክ አይደለም። በቡኻሪና በሙስሊም የሐዲስ ስብስቦች እንደተዘገበው፣ በዒድ ቀን ሐበሾች በመዲና በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስጊድ ውስጥ በጦራቸው ይጫወቱ ነበር። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ተጫዋቾቹን «በኑ አርፊዳ» በሚለው መጠሪያቸው እየጠሩ አበረታተዋቸዋል፤ እናታችን ዓኢሻም (ረ.ዐ) ከኋላቸው ቆመው እስኪበቃቸው ድረስ ተመልክተዋል። ዑመር (ረ.ዐ) ሊያስቆሟቸው ሲነሡም እንዲተዋቸው ታዘዋል።

የዜማ መሣሪያን በሚመለከት የፊቅህ ሊቃውንት ለዘመናት ሲከራከሩ ኖረዋል፤ ክርክሩም ዛሬ አልተዘጋም። ይህ ዘገባ ግን በዒድ ቀን ደስታን በተገራ ጨዋታ መግለጽ በኢስላም ቦታ እንዳለው ለማስረዳት በብዙ ሊቃውንት ይጠቀሳል። በዘገባው ውስጥ ሌላም ልብ የሚባል ነገር አለ። ተጫዋቾቹ ለደሞዝ የተቀጠሩ አልነበሩም። በዓሉን በሚያውቁት መንገድ ያከበሩ የማኅበረሰቡ አባላት ነበሩ።

የመካ ሴቶች ሌሊት

የመካ ሴቶችም የራሳቸው ጨዋታ ነበራቸው። ስሙ «አል-ቀይስ» ይባላል። በሐጅ ቀናት የከተማዋ ወንዶች ሑጃጆችን ለማገልገል ወደ ሚናና ዐረፋ ሲወጡ ሰፈሮቹ ለሴቶችና ለሕፃናት ይቀሩ ነበር። ሴቶቹ በእነዚያ ሌሊቶች የወንድ ልብስ ለብሰው፣ አንዳንዶቹም ዘበኛና ሹም መስለው፣ ከበሮ እየመቱና እየዘፈኑ በየመንገዱ ይዘዋወሩ ነበር። ለአገልግሎት ሳይወጣ በከተማው የቀረ ወንድ ካገኙ ወዮለት! የዘፈናቸው ዒላማ እርሱ ነበር፤ ከሥራ የሸሸበትን ስንፍና በግጥም ያወርዱበታል።

ቀልዱ ቁም ነገር ነበረው። ወንዶቹ በሌሉበት ከተማዋ ባዶ እንዳልሆነች ያስታውቃል፤ ሰነፉንም ያለ ዳኛና ያለ ቅጣት ይገሥጻል። አል-ቀይስ ከመካ ኑሮ መለወጥ ጋር ቀስ በቀስ ቀርቶ ዛሬ የሚታወቀው በአብዛኛው በታሪክ ጸሐፊዎች ድርሳንና በአያቶች ትረካ ነው።  አጫዋቿ፣ ተቀባይዋና መንገዱ በየተራ ሲጎድሉ ጨዋታው ራሱ ጎደለ።

የክራር ዘመድ በባሕር ዳርቻ

ከጅዳ ወደ ሰሜን በየንቡዕ አቅጣጫ ሲኬድ ደግሞ ሲምሲሚያ ይገኛል። ቅሉ በቆዳ የተሸፈነ፣ ሁለት ዘንጎች ወደ ላይ የወጡለት፣ በጥንቱ አሠራር አምስት ክር ያለው ይህ መሣሪያ ለኢትዮጵያዊ ዓይን ወዲያው ክራርን ያስታውሳል። ሁለቱ በእርግጥም የአንድ ቤተሰብ መሣሪያዎች ናቸው። ሲምሲሚያን ያሳደጉት መርከበኞችና ዓሣ አጥማጆች ሲሆኑ፣ ከሥራ መልስ በምሽት ተቀምጦ አንዱ ሲገርፍ ሌላው እያጨበጨበና እየተቀበለ የሚያደምቀው ነው። ዩኔስኮ በ2024 የሲምሲሚያን አሠራርና አጨዋወት በግብፅና በሳዑዲ ዐረቢያ የጋራ ስም መዝግቦታል። ቀይ ባሕር ሰዎችንና ሸቀጥን ብቻ ሳይሆን ክርንና ምትንም ከዳር ወደ ዳር ሲያመላልስ ኖሯል።

ከመድረክ በፊት ሰፈር

በሳዑዲ ዐረቢያ ሙዚቃ በሙያ ደረጃ ሲደራጅ ከሚነሡ ቀዳሚ ስሞች አንዱ የጣኢፉ ተወላጅ ጧሪቅ ዐብዱልሐኪም ነው። ወታደር የነበረው ይህ ሰው በግብፅ ሙዚቃ ተምሮ በአገሩ የጦር ሠራዊት የሙዚቃ ክፍል እንዲመሠረት አድርጓል። የሕዝቡን ባህላዊ ዜማዎች በማሰባሰብም ይታወቃል። በ2012 ከዚህ ዓለም ቢለይም በጅዳ አል-በለድ በስሙ የተሰየመ ማዕከል ይገኛል።

በ2020 የባህል ሚኒስቴር የሙዚቃ ኮሚሽን ካቋቋመ ወዲህ ጉዞው ፈጥኗል። የሳዑዲ ብሔራዊ ኦርኬስትራና መዘምራን በ2022 በፓሪስ፣ በ2023 በኒው ዮርክ፣ በ2024 በለንደንና በቶኪዮ ሥራቸውን አቅርበዋል። ይህ የሚያኮራ ነው። ነገር ግን በታላቅ አዳራሽ የሚቀርበው ዜማ የሚቀዳው ከሰፈር ምንጭ ነው። ለአዳራሹ ምርጦች ይመረጣሉ፤ ለሰፈሩ ግን ማንም አይመረጥም፣ የመጣ ሁሉ ይሰለፋል።

ይህን ልዩነት ሌሎች አገሮችም ዘግይተው አስተውለውታል። በስኮትላንድ ኤዲንብራ ከተማ ደራሲው አሌክሳንደር ማኮል ስሚዝና ጓደኞቹ በ1995 አንድ የአማተሮች ኦርኬስትራ መሠረቱ፤ ስሙንም በግልጽ «እጅግ መጥፎው ኦርኬስትራ» አሉት። አባላቱ ማስታወሻውን ሲስቱ ተመልካቹ ይስቃል፣ እነርሱም አብረው ይስቃሉ። እንዲህም ሆኖ በለንደንና በኒው ዮርክ አዳራሾች እስከ መጋበዝ ደርሰዋል። ችሎታ የሌለው ሰው ሙዚቃን አድማጭ ብቻ ሆኖ እንዳይቀር ኤዲንብራ አዲስ ማኅበር መፍጠር አስፈልጓታል። ጅዳና መካ ግን ማኅበሩን ከአያቶቻቸው ወርሰውታል። ለእነርሱ የቀረው ጥያቄ እንዴት እንደሚጠብቁት ነው።

ሰፈሩ ሲበተን

ጥያቄው ቀላል አይደለም። ሚዝማር የቆመው በሰፈር ላይ ነበርና። በመካ የሐረሙ መስፋፋት ለሚሊዮኖች ሑጃጆች ቦታ ሲያዘጋጅ፣ እንደ አሽ-ሻሚያ፣ አሽ-ሹበይካና አጅያድ ያሉ ጥንታዊ ሰፈሮች ቀድሞ በነበሩበት መልክ አልቀሩም፤ ነዋሪዎቻቸው ወደ አዳዲስ መኖሪያዎች ተበትነዋል። በጅዳ የከተማዋ ቅጥር በ1947 ከፈረሰ በኋላ ከተማዋ ወደ ሰሜን ተዘረጋች። የአሽ-ሻም፣ የአል-መዝሉም፣ የአል-የመንና የአል-በሕር ሰፈሮች ነባር ቤተሰቦችም ብዙዎቹ ሰፊ መንገድና አዲስ ቤት ፍለጋ ወጡ። ትናንት በአንድ ጠባብ መንገድ ላይ በር ለበር የነበሩት ረድፎች ዛሬ በመኪና የግማሽ ሰዓት መንገድ ይለያቸዋል።

ተስፋ የሚሰጥ ነገርም አለ። አል-በለድ በ2014 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። በዚያው ዓመት በተጀመረውና ስሙ «እንዲህ ነበርን» የሚል ትርጉም ባለው «ኩንና ኪዳ» ፌስቲቫል የድሮው የሰፈር ኑሮ ወደ ጎዳናው ተመልሶ ታይቷል። የባህል ቡድኖችና የቅርስ ማዕከላትም ሚዝማርን ለወጣቶች በማስተላለፍ ላይ ናቸው።

አደጋው ከዚህ ቀጥሎ ይመጣል። ሚዝማር በመድረክ ላይ ብቻ ከቀረ፣ ተመልካቹ ስልኩን አንሥቶ ይቀርጻል እንጂ አያጨበጭብም። ለሰርግ የተቀጠረ ቡድን በእርግጥ ዱላውን ሳይስት ያሽከረክራል፤ የሙሽራው አጎትና የጎረቤቱ ልጅ ግን ከረድፉ ወጥተው ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ጨዋታው ያምራል፣ ባለቤቶቹ ግን ያንሳሉ። አል-ቀይስ ያስተማረው ይህንኑ ነው፤ ተሳታፊ ያጣ ጨዋታ በመጽሐፍ ቢሰፍርም በመንገድ ላይ አይገኝም።

በዚህ ረገድ ሐረር አርአያ ናት። በ2023 በዩኔስኮ የተመዘገበው ሹዋሊድ፣ ከረመዳን በኋላ የሚጾሙት የሸዋል ስድስት ቀናት ጾም ሲፈጸም ሐረሪዎች የሚያከብሩት በዓል ነው። ከበሮው ሲመታና ዚክሩ ሲሰማ አያትና የልጅ ልጅ አብረው ይቆማሉ። በዓሉን ሕያው ያደረገው ከመዝገቡ በፊት የነበረው ይህ አብሮ መቆም ነው።

የሚዝማርም ዕድሜ በዚሁ ይለካል። የዩኔስኮ መዝገብ ስሙን ያቆያል፣ ፌስቲቫሉ መልኩን ያሳያል። ምቱን ከአባት ወደ ልጅ የሚያሻግረው ግን በዒድ ምሽት በአንድ የጅዳ ወይም የመካ ግቢ፣ ዱላ ጨብጦ ለማያውቅ ታዳጊ «ና፣ ከጎኔ ቁም» ብሎ በረድፉ ቦታ የሚሰጥ ሰው ነው።