እውነት ወይስ ተረት? ከዓመታት በኋላ ወደ ሞተር መመለስ

ልጆች ነፍስ አወቁ፣ የመኪናው ዕዳ አለቀ፣ ጋራዥ ውስጥም ቦታ ተገኘ። ይኼኔ ነው በወጣትነቱ አገር ቤት ያማሃ ወይም ቦክሰር ሲነዳ የነበረ ሰው ሞተር የሚያምረው። ክላርክ ካውንቲ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን ሰፈር «ሊትል ኢትዮጵያ» ብሎ እስኪሰይም ድረስ ሐበሻ በበዛበት ላስ ቬጋስ እንዲህ ያለው ሰው ጥቂት አይሆንም። ከተማው አብዛኛውን ዓመት ፀሐይ ነው፣ መንገዱ ሰፊ ነው። ምክርም አይጠፋም፤ ቡና ላይ የተቀመጠ ሁሉ የሚለው አለው። ለማሳያ በከተማው ደቡብ፣ ከሳውዝ ፖይንት ካዚኖ አጠገብ ወደ ምሥራቅ የሚዘልቀውን የሲልቬራዶ ራንች ጎዳና ይዘን የሚባለውን አንድ በአንድ እንየው።

«ሞተር አንዴ ከለመዱት አይረሳም»

ግማሹ እውነት ነው፤ አደጋውም ያለው በዚሁ ግማሽ ውስጥ ነው። ሚዛን መጠበቅ፣ ፍሪሲዮን መልቀቅ፣ ማርሽ መቀየር እጅና እግር ውስጥ ይቀራሉ፤ ጥቂት እንደነዱ ይመለሳሉ። ድንገት መቆም ሲያስፈልግ ፍሬን መያዝ፣ የሚመጣን መኪና ፍጥነትና ርቀት መገመት ግን አብረው አይመለሱም። ነጂው ሞተሩ ስላልወደቀበት ብቻ ችሎታው ሁሉ የተመለሰ ይመስለዋል። በሃሪ ኸርት የተመራው የደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ሎስ አንጀለስ ውስጥ 900 የሞተር አደጋዎችን ቦታው ድረስ ሄዶ መርምሮ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1981 በወጣው ዘገባው እንደሚታየው፣ ከነጂዎቹ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አደጋ የደረሰበትን ሞተር ከያዙ አምስት ወር እንኳ አልሞላቸውም፤ ጎዳና ላይ የመንዳት ልምዳቸው ግን ወደ ሦስት ዓመት ይጠጋል። ልምድ ነበራቸው፤ የሌላ ሞተር ልምድ።

«የፊት ፍሬን አትንካ፣ ይጥልሃል»

ተረት ነው፤ ከየት እንደመጣ ግን ይገባናል። ኮረኮንች ላይ ሞተር የተማረ ሰው መሪውን አጠፍ አድርጎ የፊት ፍሬን ሲይዝ ጎማው ተንሸራቶ መሬት ላይ አግኝቶታል። ከዚያ ወዲያ ቀኝ እግሩን ብቻ ያምናል። ይህ ልማድ ከሃያ ዓመት በኋላም አብሮት ይመጣል፤ ሰውነት ደግሞ ጠቃሚውንና ጎጂውን ለይቶ አያስታውስም። ደረቅ አስፋልት ላይ ሞተር ሲቆም ክብደቱ ወደ ፊት ይሄዳል፣ የኋላው ጎማ ይቀላል። ስለዚህ ከማቆሚያው ኃይል 70 በመቶ ገደማ የሚሆነው ከፊት ፍሬን ነው። የኸርት ቡድንም ያየው ይህንኑ ነው፤ አብዛኞቹ ነጂዎች በጭንቅ ሰዓት የኋላውን ረግጠው አንሸራተዋል፣ የፊቱን ግን በሚገባ አልያዙትም።

አያያዙ መማር ይፈልጋል። መሪው ቀጥ ይበል። በቀኝ እጅ መጀመሪያ ለስለስ አድርጎ መያዝ፣ የፊቱ ሞላ ጎንበስ ሲል ከዚያ አጥብቆ መጨመር። በአንዴ መጨበጥ ነው የሚጥለው። እሑድ ጠዋት ባዶ ፓርኪንግ ፈልጋችሁ ደጋግሙት። የምትገዙት ሞተር ኤ.ቢ.ኤስ. (ጎማው እንዳይቆለፍ የሚያደርግ ፍሬን) ያለው ቢሆን ደግሞ እሰየው፤ በአውሮፓ ኅብረት ከ125 ሲሲ በላይ ለሆኑ አዳዲስ ሞተሮች ግዴታ ከሆነ ቆይቷል፣ አሜሪካ ውስጥ ግን አሁንም በገዢው ምርጫ ነው። እኔ ብጠየቅ ለቀለምና ለድምፅ የሚወጣውን ገንዘብ እዚህ ላይ አውሉት እላለሁ።

«ታክሲ ስነዳ ነው የኖርኩት፤ መንገዱን አውቀዋለሁ»

መንገዱን ያውቃል፤ አለመታየትን ግን አያውቅም። በኸርት ምርመራ ከአደጋዎቹ ሦስት አራተኛው ከሌላ ተሽከርካሪ ጋር መጋጨት ነበር፤ ከእነዚህም በሁለት ሦስተኛው ቅድሚያ የነጠቀው የመኪናው ሾፌር ነው። «አላየሁትም» ይላል፤ ብዙ ጊዜም እውነቱን ነው።

ሲልቬራዶ ራንች ላይ ይህን ማሰብ ቀላል ነው። ጎዳናው ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ የተዘረጋ ነው፤ ማምሻውን ወደ ምዕራብ የሚሄድ ሾፌር ፀሐይዋ ዓይኑ ውስጥ ትገባለች። እናንተ ወደ ምሥራቅ እየነዳችሁ ከሆነ ፀሐይዋ ከኋላችሁ ናት፣ ሁሉም ነገር ቁልጭ ብሎ ይታያችኋል፣ ጥላችሁም ከፊታችሁ ረዝሞ ይወድቃል። እንዲህ ጥላችሁን ከፊት ባያችሁ ቁጥር ከፊት የሚመጣው ሾፌር እንደማያያችሁ ቁጠሩት። ወደ ገበያ ማዕከሉ ለመግባት ግራ ሊታጠፍ የቆመ መኪና ካለ የሾፌሩን ፊት ሳይሆን የፊት ጎማውን ተመልከቱ፤ ጎማው መዞር ከጀመረ ሊገባባችሁ ነው። በሰዓት 45 ማይል የሚሄድ ሞተር በአንድ ሰከንድ 20 ሜትር ይጓዛል። እጃችሁ ፍሬኑ ላይ ደርሶ ከጠበቀ ሌላ፣ ገና ሊደርስ ከሆነ ሌላ ነው።

«መንገድ ሲዘጋ በመኪኖች መሃል መሹለክ ነው»

ኔቫዳ ውስጥ ክልክል ነው። አዲስ አበባ በ2011 ዓ.ም. ሞተር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይነዳ ከማገዷ በፊት በከተማዋ የነዳ ሰው ይህን የሞተር ዋና ጥቅም አድርጎ ይቆጥረዋል። ከካሊፎርኒያ የመጣ ወዳጅ ደግሞ «ይፈቀዳል» ቢላችሁ ስለ አገሩ አልዋሸም፤ እዚያ በሕግ ይፈቀዳል። የግዛቱን ድንበር ተሻግሮ ቬጋስ ሲገባ ግን ያቆማል።

«በዚህ ሙቀት ማን ጃኬት ይለብሳል?»

እ.ኤ.አ. ሐምሌ 7 ቀን 2024 ላስ ቬጋስ 120 ፋራናይት ገባች፤ ወደ 49 ሴልሺየስ መሆኑ ነው፣ የከተማዋም ክብረ ወሰን። አየሩ ከሰውነት ሙቀት ሲበልጥ ነፋሱ ማብረዱን ትቶ ያሞቃል፤ ቲሸርት የለበሰ ነጂ ላቡ ወዲያው እየተነነ ሳያውቀው ውሃው ያልቅበታል። ስለዚህ መሸፈኑ ለመውደቅ ብቻ ሳይሆን ለሙቀቱም ነው። በበጋ ወንፊት መሳይ ጃኬት፣ ከሥሩ የረጠበ ልብስ፣ ብዙ ውሃ፤ ከሁሉም የሚሻለው በጠዋት መውጣት ነው። ሄልሜት ለነጂውም ለኋላ ተቀማጩም በኔቫዳ ሕግ ግዴታ ነው። ከቁም ሳጥን የወጣውን የድሮ ሄልሜት ግን ተዉት፤ ስኔል የተባለው መርማሪ ድርጅት በየአምስት ዓመቱ እንዲቀየር ይመክራል።

«ጎማው ገና ጥርስ አለው»

ጋራዥ ውስጥ የከረመ ሞተር በርካሽ ሲሸጥ የሚባል ነው። ጎማ ሳይነዳም ያረጃል፣ በበረሃ ሙቀት ደግሞ ይብሳል። ጎኑ ላይ ዲ.ኦ.ቲ. ከሚለው ጽሑፍ ወዲያ የመጨረሻዎቹን አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2316 ቢል እ.ኤ.አ. በ2016 በ23ኛው ሳምንት የተሠራ ነው። ጥርሱ ቢሞላም አትውጡበት። የፍሬኑን ዘይት፣ ካቴናውንና የቆየውን ቤንዚን መቀየር ዋጋው ላይ ደምሩት።

«ኮርስ ለጀማሪ ነው»

ከተረቶቹ ሁሉ ውድ የሚያስከፍለው ይህ ነው። በኸርት ጥናት አደጋ ከደረሰባቸው ነጂዎች 92 በመቶው ራሳቸውን ያስተማሩ ወይም ከቤተሰብና ከጓደኛ የተማሩ ናቸው፤ እኛም አብዛኞቻችን የተማርነው እንዲሁ ነው። ኮርሱ ላይ የሚሰጣችሁ ትንሽ ሞተር ነው፤ ቢወድቅም የእናንተ አይደለም። ከ350 ኪሎ በላይ በሚመዝን ሃርሊ ላይ የፍሬን ልምምድ ከመጀመር ይህ አይሻልም? ኔቫዳ ውስጥ ሞተር ለመንዳት መንጃ ፈቃዳችሁ ላይ ክላስ ኤም ያስፈልጋል፤ እውቅና ያለውን ኮርስ ያለፈ ሰው ደግሞ ዲ.ኤም.ቪ. የጽሑፉንም የመንዳቱንም ፈተና ይተውለታል። ስለዚህ ሞተሩን ሳትገዙ ኮርሱን ተመዝገቡ።