ቅደም ተከተሉ ሲገለበጥ አቅጣጫውም ይገለበጣል



በዚህ እትም ልጽፍላችሁ ያሰብኩት ስለ ሒሳብ ነው። «ሒሳብ የልጆች ነው፣ ለኛ ምን ያደርግልናል?» የምትሉ አትጠፉም። ነገር ግን ከኡልፓን በኋላ መካኒክነት ወይም ብረታ ብረት ሥራ ለመማር የምናስብ ብዙዎች ነን። ልጆቻችንም ይህንኑ ነገር በፊዚክስ ያገኙታል። እኔ ትምህርት ቤት ብዙ የቆየሁ ሰው አይደለሁም፤ ነገሩ የገባኝ በመፍቻና በብሎን ነው፣ ለናንተም በዚያው አስረዳለሁ።

2 ጊዜ 3 ቢባል 6 ነው። 3 ጊዜ 2 ቢባልም ያው 6 ነው። የትኛውም ቢቀድም ለውጥ የለውም። ቬክተር የሚባለው ግን ተራ ቁጥር አይደለም፤ መጠንም አቅጣጫም አለው፣ በወረቀት ላይ በቀስት ይሳላል። ሁለት ቬክተሮች ከሚባዙባቸው መንገዶች አንዱ ክሮስ ፕሮዳክት ነው፤ በዕብራይስጥ «ማክፔላ ቬክቶሪት» ይሉታል። ውጤቱ ሌላ ቬክተር ነው፤ እሱም ከሁለቱ ቀስቶች ጋር ቀጥ ያለ ማዕዘን ሠርቶ ይቆማል።

አሁን ጠረጴዛ ላይ ጭንቅላቱን ወደ ላይ አድርጎ የገባ ብሎን አስቡ። ብሎን በዕብራይስጥ ቦሬግ ነው። መፍቻውን አስገቡበት፤ እጀታው ከብሎኑ ተነሥቶ ወደ ቀኛችሁ ይዘርጋ። የመጀመሪያው ቀስት ይሄ ነው፣ ከብሎኑ እስከ እጃችሁ ድረስ። ከዚያ እጀታውን ከናንተ ወደ ፊት ግፉት። ሁለተኛው ቀስት ይሄ ግፊት ነው። ብሎኑ ምን ይሆናል? ይላላል፣ ወደ ላይ ይወጣል።

ይህን በቀኝ እጅ ማወቅ ይቻላል። የቀኝ እጃችሁን አራት ጣቶች በመጀመሪያው ቀስት አቅጣጫ ዘርጉ፤ ቀጥሎ በአጭሩ መንገድ ወደ ሁለተኛው ቀስት እጠፏቸው። አውራ ጣታችሁ የውጤቱን አቅጣጫ ያሳያል። በኛ ምሳሌ ወደ ላይ ነው። መጠኑም ይታወቃል። መፍቻው 20 ሳንቲሜትር፣ ማለትም 0.2 ሜትር ቢሆን፣ ግፊቱም 50 ኒውተን ቢሆንና ቀጥ ባለ ማዕዘን ቢገፋ፣ 0.2 ጊዜ 50 ውጤቱ 10 ነው። ግፊታችሁ ከእጀታው ጋር 30 ዲግሪ ማዕዘን ብቻ ቢሠራ ግማሹ፣ 5 ብቻ ይሆናል። በእጀታው ርዝመት አቅጣጫ ብትስቡት ደግሞ ዜሮ ነው፤ ብሎኑ አይዞርም።

ታዲያ ቅደም ተከተሉን ብንገለብጠውስ? ጣታችንን በግፊቱ ጀምረን ወደ እጀታው ቀስት እንጠፈው። አውራ ጣታችን ወደ ታች ዞረ! መጠኑ ያው 10 ነው፣ ምልክቱ ግን ተቀነስ 10 ሆነ። በጠረጴዛው ላይ ብሎኑ እየላላ ነው፤ ወረቀቱ ግን እየጠበቀ ነው ይላል። ስለዚህ ስምምነቱ ሁልጊዜ እጀታው ይቀድማል፣ ግፊቱ ይከተላል የሚል ነው።

ተቀነሱ ከየት እንደመጣ ልንገራችሁ። አንድ ቀስት ከራሱ ጋር ሲባዛ ዜሮ ነው፣ ምክንያቱም ከራሱ ወደ ራሱ መዞር የለም። ቀስቶቹን ሀ እና ለ እንበላቸው። ሀ እና ለ ተደምረው አንድ ቀስት ይሆናሉ፤ ያም ከራሱ ጋር ሲባዛ ዜሮ ነው። ብዜቱን ስንዘረዝረው ሀ × ሀ፣ ሀ × ለ፣ ለ × ሀ እና ለ × ለ ይወጣሉ። የመጀመሪያውና የመጨረሻው ዜሮ ናቸው። የቀሩት ሀ × ለ እና ለ × ሀ ተደምረው ዜሮ መሆን አለባቸው። እንግዲህ አንዱ በእጅ ያለ ገንዘብ ከሆነ ሌላው የዚያኑ ያህል ዕዳ ነው ማለት ነው።

እዚህ አገር ለምንማር ሰዎች አንድ ልዩ ጥንቃቄ አለ። ዕብራይስጥ ከቀኝ ወደ ግራ ይነበባል፤ እኛም ዓይናችንን ለዚያ እያስለመድን ነው። ነገር ግን በዕብራይስጥ መጽሐፍ ውስጥም ቢሆን የሒሳብ ቀመር የሚጻፈው እንደ አማርኛ ከግራ ወደ ቀኝ ነው። በተራ ብዜት ከየትም ብናነበው ጉዳት የለውም። በዚህ ብዜት ግን ቀመሩን ከቀኝ ያነበበ ሰው ምልክቱን ይገለብጠዋል። ልጆቻችሁ ሲያጠኑ አብራችሁ ብትቀመጡ «የትኛው ቀስት ይቀድማል?» ብላችሁ ጠይቁ። ለዚህ ጥያቄ ዲፕሎማ አያስፈልግም።

ወደ ሥራ ለምትገቡ ደግሞ ይህን ልጨምር። ጥርሳቸው በተቃራኒ የተቆረጠ ብሎኖችና መግጠሚያዎች አሉ። የብስክሌት የግራ ፔዳል እንደዚያ ነው። በብየዳ ሥራም የኦክስጅን መግጠሚያ እንደ ተራው ብሎን ሲዞር፣ የአሲቲሊን ግን ተቃራኒ ነው፤ ሁለቱ ጋዞች በስሕተት እንዳይለዋወጡ ተብሎ ነው። በነዚህ ላይ አውራ ጣት የሚያሳየው የመጠምዘዙን አቅጣጫ ነው፤ መጥበቁንና መላላቱን የሚወስነው ጥርሱ ነው። በጉልበት ከመግፋታችሁ በፊት ጥርሱን እዩ፣ የሚያውቅ ሰውም ጠይቁ።

ቤት ስትገቡ በቀኝ እጃችሁ ሞክሩት፤ ግራ እጅ ተቃራኒውን ያሳያችኋል። ለሁላችንም መልካም ትምህርት ይሁንልን። ሻሎም።