የኮምፒውተር ሥርዓት ለውጥ ቁጥጥር ካልተደረገበት ለከባድ ኪሳራ ይዳርጋል

ባንኮች፣ አየር መንገዶች፣ ሆስፒታሎችና የመንግሥት መሥሪያ ቤቶች የዕለት ሥራቸውን የሚያከናውኑባቸው የኮምፒውተር ሥርዓቶች በየጊዜው ይለወጣሉ። ጉድለት ለማረም፣ አዲስ መመሪያ ለማስፈጸም ወይም አገልግሎት ለማስፋት የሚደረገው ይህ ለውጥ የማይቀር ነው። ይሁንና ለውጡን ማን እንደፈቀደው፣ ማን እንደመረመረውና ካልተሳካ እንዴት እንደሚመለስ አስቀድሞ ካልተወሰነ፣ አነስተኛ የሚመስል ማስተካከያ ተቋሙን ለአደጋ ሊያጋልጠው ይችላል።

ለዚህም ናይት ካፒታል በተባለው የአሜሪካ የአክሲዮን ግብይት ኩባንያ ላይ ሐምሌ 25 ቀን 2004 ዓ.ም የደረሰው ጉዳት በማሳያነት ይጠቀሳል። ኩባንያው በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያ ለሚጀመር አዲስ አሠራር የተዘጋጀውን ፕሮግራም በ8 ሰርቨሮች ላይ መጫን ነበረበት። ሥራው የተሰጠው ባለሙያ ግን በ7ቱ ላይ ሲጭን አንዱን ዘለለው። በተዘለለው ሰርቨር ላይ እ.ኤ.አ. ከ2003 ጀምሮ ከአገልግሎት ውጭ የነበረ አሮጌ ፕሮግራም ሳይሰረዝ ቆይቶ ስለነበር፣ ገበያው ሲከፈት ይኸው ፕሮግራም ሥራ ጀመረ።

ሥርዓቱ 212 አነስተኛ የደንበኞች ትእዛዞችን ለማስተናገድ ሲሞክር በ45 ደቂቃ ውስጥ በ154 የአክሲዮን ዓይነቶች ከ4 ሚሊዮን በላይ ግብይቶችን ፈጸመ። ኩባንያው በዚህ ሳቢያ ከ460 ሚሊዮን ዶላር በላይ የከሰረ ሲሆን፣ በቀጣዩ ዓመት ከሌላ ድርጅት ጋር ለመዋሃድ ተገዷል።

የአሜሪካ የካፒታል ገበያ ተቆጣጣሪ ኮሚሽን ባደረገው ምርመራ፣ የአንዱን ባለሙያ ሥራ ሁለተኛ ባለሙያ እንዲያረጋግጥ የሚያዝ የጽሑፍ መመሪያ በኩባንያው እንዳልነበረ አረጋግጧል። ገበያው ከመከፈቱ በፊት ስህተት መኖሩን የሚጠቁሙ 97 የኢሜይል መልእክቶች ለሠራተኞች ቢደርሱም ትኩረት አላገኙም። ችግሩን ለማስቆም በጥድፊያ የተወሰደው እርምጃም ጉዳቱን አባብሶታል፤ አዲሱ ፕሮግራም በትክክል ከተጫነባቸው 7 ሰርቨሮች ላይ ሲነሳ፣ አሮጌው በእነዚህም ላይ መሥራት ጀምሯልና። ኮሚሽኑ በ2006 ዓ.ም በኩባንያው ላይ የ12 ሚሊዮን ዶላር ቅጣት ጥሏል።

በሙያው የለውጥ አስተዳደር በመባል የሚታወቀው አሠራር ዓላማ እንዲህ ያለውን ጉዳት መከላከል ነው። በዚህ አሠራር መሠረት ማንኛውም ለውጥ በቅድሚያ በጽሑፍ ይቀርባል፤ የሚነካቸው ክፍሎችም ተለይተው ይመዘገባሉ። ለውጡን ያዘጋጀው ሰው ራሱ አያጸድቀውም። ከዚያም ለውጡ ከመደበኛው አገልግሎት በተለየ ሥርዓት ላይ ይሞከራል፤ ካልተሳካ ወደ ቀድሞው ሁኔታ የሚመለስበት ዕቅድም አስቀድሞ ይዘጋጃል። አስቸኳይ ለውጥም ቢሆን ከዚህ ነጻ አይደለም፤ ሂደቱ ቢያጥርም ፈቃድና ምዝገባ ያስፈልገዋል።

ለውጡን በጥቂት ኮምፒውተሮች ጀምሮ ደረጃ በደረጃ ማዳረስም ሌላው ጥንቃቄ ነው። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም ጉድለት ያለበት ማሻሻያ በአንድ ጊዜ ለደንበኞቹ በመልቀቁ፣ ማይክሮሶፍት እንደገመተው 8 ነጥብ 5 ሚሊዮን ያህል ኮምፒውተሮች ከሥራ ውጭ ሆነዋል፤ በበርካታ አገሮችም በረራዎች ተሰርዘዋል። ኩባንያው ማሻሻያውን በ78 ደቂቃ ውስጥ ቢያነሳም፣ ከተቋረጡት ኮምፒውተሮች ብዙዎቹ አንድ በአንድ በእጅ መጠገን ነበረባቸው።

ጉዳዩ ለአገራችንም እንግዳ አይደለም። መጋቢት 6 ለ7 አጥቢያ 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ደንበኞች በሒሳባቸው ከነበረው በላይ ገንዘብ ለማውጣትና ለማስተላለፍ ችለው ነበር። ባንኩ አገልግሎቱን ለሰዓታት ለማቋረጥ የተገደደ ሲሆን፣ ክስተቱ የሳይበር ጥቃት አለመሆኑን አስታውቋል። የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በበኩሉ ችግሩ በጥገናና በፍተሻ ሥራ ወቅት መፈጠሩን ገልጿል።

እነዚህ ክስተቶች እንደሚያሳዩት ለሥርዓቱ አደጋ የሚሆነው ከውጭ የሚመጣ ጥቃት ብቻ አይደለም። በተፈቀደላቸው ባለሙያዎች እጅ በሥራ ሰዓት የሚደረግ ለውጥም የዚያኑ ያህል ጉዳት ሊያደርስ ይችላል። በናይት ካፒታል አንድ ሁለተኛ ባለሙያ ስምንቱን ሰርቨሮች ቢቆጥር ኖሮ፣ የተዘለለው ሰርቨር ገበያው ከመከፈቱ በፊት በታወቀ ነበር።