ፔኒሲሊን የማይነካው የከብት ሳምባ

በነቀምቴ፣ በጊምቢና በሻምቡ ገበያዎች በሬ ሲገዛ ጥርሱ ይታያል፣ ሻኛው ይዳሰሳል፤ ሳምባውን ግን ማንም አያይም። እኔ የተማርኩት ሕግ እንጂ ባዮሎጂ አይደለም። ይሁንና ስለ ገበሬው ንብረት የሚጽፍ ሰው ይህን በሽታ ሊያውቀው ይገባል ባይ ነኝ።

ተላላፊው የከብት ሳምባ በሽታ ምዕራብ ወለጋን ሲያስቸግር የኖረ ነው። አምጪው ማይኮፕላዝማ የሚባል ደቂቅ ባክቴሪያ ሲሆን፣ ኖካርድና ሩ የተባሉ የፈረንሳይ ተመራማሪዎች በ1898 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ በቤተ ሙከራ አሳድገውታል። አብዛኞቹ ባክቴሪያዎች ከስሱ ሽፋናቸው ላይ ጠንካራ ግድግዳ ይደርባሉ። ማይኮፕላዝማ ግድግዳ የለውም። ሽፋኑን የሚያጠነክርበትን ኮሌስትሮል እንኳ የሚወስደው ካደረበት እንስሳ ነው። ቅርጹም አንድ ወጥ አይደለም፤ ሌሎች ባክቴሪያዎችን በሚያስቀር ማጣሪያ ሾልኮ ያልፋል።

ፔኒሲሊን የሚገድለው ደግሞ የግድግዳውን ግንባታ በማሰናከል ነው። ግድግዳ ከሌለ ምን ያፈርሳል? ለዚህ በሽታ ፔኒሲሊን የገዛ ገበሬ ገንዘቡን ከሰረ ማለት ነው። ቴትራሳይክሊን ግን የባክቴሪያውን ፕሮቲን ማምረቻ ስለሚያውክ ይሠራል። በሬው ማሳሉን ትቶ መብላት ይጀምራል።

ነገሩ የሚከፋው እዚህ ላይ ነው። ባገገመ በሬ ሳምባ ውስጥ የሞተ ሥጋ በከረጢት ተሸፍኖ ሊቀር፣ ባክቴሪያውም እዚያው ለወራት በሕይወት ሊቆይ ይችላል። እኛ የሕግ ሰዎች የተሰወረ ጉድለት የምንለው ይኸው ነው፤ ልዩነቱ ሻጩም ጭምር አለማወቁ ነው። በ1994 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 267 የእንስሳት በሽታን መከላከልና መቆጣጠርን ደንግጎ ነበር። ጥሩ ነው፤ ግን ኬላ ላይ የቆመ ተቆጣጣሪ ወፍራም በሬ አይቶ ምን ይላል? የደም ምርመራ ያስፈልገዋል።

ቀድሞ በደስታ በሽታ ዘመቻ ወቅት ሁለቱን በሽታዎች በአንድ መርፌ የሚከላከል ክትባት ይሰጥ ነበር። ደስታ እየጠፋ ሲሄድ የጅምላ ክትባቱ ቆመ፤ በ2011 እ.ኤ.አ. ደስታ ከዓለም መጥፋቱ ታወጀ። ሳምባው ግን በዚያ ዘመቻ ጥላ ሥር ያገኘውን ትኩረት አጣ። እንደኔ እንደኔ ይህ ስኬት ያመጣው ቸልተኝነት ነው።

ክትባቱን የቢሾፍቱው ብሔራዊ የእንስሳት ጤና ኢንስቲትዩት ያመርተዋል። ሕያው ክትባት ስለሆነ እስከ ቀበሌ ድረስ ቅዝቃዜው ሳይቋረጥ መጓዝ አለበት። የሚከላከለውም ለአንድ ዓመት ያህል ነውና ዘንድሮ የተከተበ መንጋ ለከርሞም መከተብ ይኖርበታል።