ተረትና እውነታ፦ የሊቢያ አመጽና የውጭ ጦር

በዓረቡ ዓለም ስለ ለውጥ ክርክር በተነሳ ቁጥር ሊቢያ ትጠቀሳለች፤ ክርክሩም ወዲያው ይደፈርሳል። የሕዝቡ ጥያቄና የውጭ ጦር መግባት ሁለት የተለያዩ ጉዳዮች ናቸው። ቀኖቹን በእኛ አቆጣጠር አስቀምጫለሁ።

«አመጹን የጫረው ኔቶ ነው።»

አይደለም። የካቲት 8 ቀን 2003 ዓ.ም. ቤንጋዚ ውስጥ ጠበቃው ፋቲ ቴርቢል ታሰረ፤ ሕዝቡም አደባባይ ወጣ። ጠበቃው የቆመው በ1988 ዓ.ም. በአቡ ሳሊም እስር ቤት ለተጨፈጨፉ እስረኞች ቤተሰቦች ነበር። የውጭ አውሮፕላኖች ቦምብ መጣል የጀመሩት ከወር በኋላ ነው።

«የተባበሩት መንግሥታት ጋዳፊን አውርዱ ብሎ ፈቅዷል።»

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። መጋቢት 8 ቀን የጸደቀው ውሳኔ ቁጥር 1973 የፈቀደው ሲቪሎችን መጠበቅና የበረራ እገዳ ማስከበር ነው፤ ወራሪ ጦር ማስገባትን በግልጽ ከልክሏል። አሥር አገሮች ደገፉት፤ ሩሲያ፣ ቻይና፣ ጀርመን፣ ሕንድና ብራዚል ድምፀ ተአቅቦ አደረጉ። ሦስቱ የአፍሪካ አባላት፣ ደቡብ አፍሪካ፣ ናይጄሪያና ጋቦን፣ ደግፈውታል። የአፍሪካ ኅብረት ግን የሽምግልና እቅድ ነበረው። ልዑካኑ ትሪፖሊ የደረሱት በሚያዝያ መጀመሪያ፣ ድብደባው ከተጀመረ በኋላ ነው። ጋዳፊ እቅዱን ሲቀበሉ አማጽያኑ «እሳቸው ሳይወርዱ አይሆንም» አሉ። ሲቪል ለመጠበቅ የተጀመረው ዘመቻ መንግሥት ወደ መገልበጥ መሸጋገሩን የእንግሊዝ ፓርላማ የውጭ ጉዳይ ኮሚቴ ራሱ በ2009 ዓ.ም. መስከረም ባወጣው ሪፖርት አምኗል። ይህ በእኔ እምነት ከባድ ጥፋት ነው፤ ከዚያ ወዲህ «ሲቪል እንጠብቅ» የሚል ማንኛውም ጥሪ በጥርጣሬ ይታያል።

«ጣልቃ የሚገባው ምዕራቡ ብቻ ነው።»

የበረራ እገዳውን የጠየቀው የዓረብ ሊግ ነው። በዚያው ሳምንት የሳዑዲ ጦር ባሕሬን ገባ፤ የገባው ግን የተቃውሞው ማዕበል ያሰጋውን ንጉሣዊ መንግሥት ለመደገፍ ነበር።

«ዓረቦች ምርጫ አይፈልጉም።»

ሊቢያውያን ሰኔ 30 ቀን 2004 ዓ.ም. ተሰልፈው መርጠዋል፤ ከተመዘገቡት ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ድምፅ ሰጥተዋል። የጎደለው ታጣቂዎችን ትጥቅ የሚያስፈታ መንግሥት ነበር። ሰባት ወር ያህል የደበደቡት ኃይሎችም ለዚህ ሥራ አልቆዩም። በሚያዝያ 2007 ዓ.ም. አይ ኤስ ያረዳቸውና በጥይት የገደላቸው ወገኖቻችን የወደቁት በዚያች መንግሥት በሌለባት ሊቢያ ነው።