የሽምግልና ስንቅ ለባልና ለሚስት

ሰው ጕልበት ባለው ዘመን ለሽምግልናው ስንቅ ማኖር እንደሚገባው የማያውቅ የለም። ነገር ግን ስንቁ በማን ስም ይቀመጣል የሚለውን ጥያቄ ብዙ ሰው አያስብበትም። ባል በመሥሪያ ቤት ደመወዝ እየተቀበለ ሲያገለግል፥ ሚስትም በቤት ልጅ ስታሳድግና በሽተኛ ስታስታምም፥ ሁለቱ በአንድነት አንድ ቤት ያቆማሉ፤ የጡረታው መዝገብ ግን የሚያውቀው ደመወዝተኛውን ብቻ ነው። ይህን ጕድለት ለማቃናት የአውስትራልያ መንግሥት ያወጣው ሕግ ስላለ፥ ጥቅሙንና ጕድለቱን መርምሮ ማየት የሚገባ ነው። (ከዚህ በታች የተጻፉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።)

አውስትራልያ ለአረጋውያን ከመንግሥት ግምጃ ቤት ጡረታ መክፈል የጀመረችው በ1909 ዓ.ም. ነው። በ1992 ዓ.ም. ደግሞ አሠሪ ሁሉ ለሠራተኛው ከደመወዙ ሌላ የሽምግልና መዋጮ እንዲከፍል በሕግ ተደነገገ። መዋጮው በየጊዜው እየጨመረ ሄዶ ከጁላይ 1 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ከመቶ 12 ደረሰ። ይህ ገንዘብ ሱፐራኑዌሽን ይባላል፤ በሠራተኛው ስም በአደራ ተቀምጦ፥ በልዩ ልዩ ንግድ ላይ እየዋለ ይራባል። ባለቤቱም 60 ዓመት ሞልቶት ሥራውን እስኪተው፥ ወይም 65 ዓመት እስኪሞላው ድረስ፥ በሕግ ከተለየ ችግር በቀር ሊነካው አይችልም።

እንግዲህ መዋጮው የደመወዝ ጥላ ነውና፥ ደመወዝ በሌለበት መዋጮ የለም። ልጅ ለማሳደግ አምስትና ስድስት ዓመት ከሥራ የራቀች ሴት፥ የእነዚያ ዓመታት መዋጮ ብቻ ሳይሆን የመዋጮውም ትርፍ ይቀርባታል። ይህም ጕዳት አዲስ አይደለም። በዚያ አገር የፌዴራል መንግሥት መሥሪያ ቤቶች እስከ 1966 ዓ.ም. ድረስ ሴት ባል ባገባች ጊዜ ቋሚ ሥራዋን እንድትለቅ ደንቡ ያስገድዳት ነበርና፥ ብዙዎች በትዳራቸው ምክንያት የሽምግልና ስንቃቸውን አጥተዋል።

ከ2006 ዓ.ም. መጀመሪያ አንሥቶ ግን አንዱ የትዳር ጓደኛ መዋጮውን ለሌላው እንዲያካፍል ተፈቅዷል። አሠሪው ከከፈለው መዋጮ ላይ መንግሥት ከመቶ 15 ግብር ስለሚያነሣ፥ ለማካፈል የሚቻለው የቀረው ከመቶ 85 ነው። ለምሳሌ በዓመት 100,000 ዶላር ደመወዝ ያለው ሰው ከመቶ 12 ሲታሰብለት መዋጮው 12,000 ዶላር ይሆናል፤ 1,800 ዶላር ለግብር ሲነሣ 10,200 ዶላር ይቀራል፤ ይህንን ሁሉ ወይም ከዚህ የወደደውን ያህል ወደ ሚስቱ መዝገብ ማዛወር ይችላል። ግብር ከተከፈለበት ገንዘቡ ላይ በፈቃዱ የጨመረው ግን በዚህ መንገድ አይካፈልም። ጥያቄውም የበጀቱ ዓመት ካለፈ በኋላ፥ በሚቀጥለው ዓመት ውስጥ፥ ገንዘቡን ለሚጠብቀው ድርጅት በጽሑፍ ይቀርባል። ተቀባይዋ 65 ዓመት የሞላት ወይም 60 አልፏት ሥራዋን የተወች እንደ ሆነ አይፈቀድም። ሚስት ለባሏ ብታካፍልም ሥርዓቱ ያው ነው።

ሕጉ መልካም ቢሆንም፥ ኀይሉ እስከ ምን ድረስ እንደ ሆነ ማስተዋል ይገባል። አንደኛ፥ የቤቱን ሀብት ከአንዱ መዝገብ ወደ ሌላው ያሻግረዋል እንጂ አያበዛውም። ሁለተኛ፥ ድርጅቶቹ ሁሉ ይህን አገልግሎት እንዲሰጡ አልተገደዱም። ሦስተኛ፥ ባለጠጎችም ይጠቀሙበታል፤ በጁላይ 2025 ዓ.ም. አንድ ሰው ትርፉ ግብር ወደማይከፈልበት የጡረታ መዝገብ የሚያዛውረው ገንዘብ በጠቅላላው በ2 ሚልዮን ዶላር ስለ ተወሰነ፥ ብዙ ያላቸው ሰዎች ሀብታቸውን ለሁለት ከፍለው ከወሰኑ በታች ለመቆየት ያስቡበታል። አራተኛውና ዋናው ግን፥ ማካፈሉ በደመወዝተኛው መልካም ፈቃድ ብቻ የቆመ መሆኑ ነው። ፍቅር ያለበት ቤት ወረቀቱን ይሞላል፤ ሚስት ይልቁን ዋስትና በሚያስፈልጋት ቤት ግን ወረቀቱ ባዶውን ይቀራል።

ስለዚህ የዚያ አገር ሕግ አውጪዎች ነገሩን በፈቃድ ብቻ አልተዉትም። ከ2002 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ ባልና ሚስት ሲፋቱ ሱፐራኑዌሽኑ እንደ ቤትና እንደ መሬት በፍርድ ቤት ሊከፈል ይችላል። ደግሞም ከጁላይ 1 ቀን 2025 ዓ.ም. ጀምሮ ለተወለዱ ሕፃናት፥ መንግሥት ለወላጅ በሚከፍለው የወሊድ ፈቃድ ገንዘብ ላይ የሽምግልና መዋጮ እንዲጨመር ታዝዟል።

የኢትዮጵያ ሥርዓት ከዚህ የተለየ ነው። ለሲቪል ሠራተኛ አሠሪው ከመቶ 11፥ ሠራተኛው ከመቶ 7 ያዋጣሉ፤ አበሉም በግል ከተጠራቀመ ገንዘብ ሳይሆን በአገልግሎት ዘመንና በደመወዝ ልክ ይታሰባል። ስለዚህ የሚካፈል የግል መዝገብ የለም፤ ባለጡረታው ሲሞት ግን ከአበሉ እኩሌታው በሕይወት ለቀረው የትዳር ጓደኛ ይወሰናል። አንዱ አገር በሕይወት ሳሉ ለማካፈል፥ ሌላው ከሞት በኋላ ለመጦር መንገድ አበጅቷል ማለት ነው።

ሥርዓቱ ቢለያይም ጥያቄው አንድ ነው። በቤት የተሠራው ሥራ ደመወዝ ባይቈረጥለትም፥ ደመወዝተኛው በየማለዳው ንጹሕ ልብስ ለብሶ፥ ልጆቹን ሳያስብ ወደ ሥራው እንዲሄድ ያደረገው እርሱ ነው። ዋጋው ሊከፈል የሚገባ ከሆነ ደግሞ፥ የባል ችሮታ ሳይሆን የሚስት ድርሻ ተብሎ መጻፍ አለበት። ሕግ ለመልካም ሰው በር መክፈቱ ይመሰገናል፤ ፍጹም የሚሆነው ግን መልካም ያልሆነውንም ሰው ድርሻ እንዲሰጥ ባስገደደ ጊዜ ነው።